በገዛ እጄ ወደ ሸነን የላክኩት ኮምፒውተር

ነገሩ ከሆነ አምስት ዓመት አልፎታል። እስካሁን ለማንም አልተናገርኩትም፤ ለባለቤቴም ጭምር። አልረሳ ያለኝ ስለሚያሳፍር ብቻ አይደለም። ከሸነን የመጣ ባለጉዳይ ጠረጴዛዬ ፊት በቆመ ቁጥር ያ ሰኞ ጠዋት ይመለስብኛል። የሰዎቹን ስም ቀይሬያለሁ፤ የራሴንም።

የምሠራው አምቦ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል ነው። ያኔ አሥራ ስድስት ዓመት አገልግዬ ነበር። ዋናው ሥራዬ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ማዘጋጀት ነው። ከጊንጪ፣ ከጉደር፣ ከጀልዱ፣ ከሸነን ሰው ይመጣል። ፋይሉን ከመዝገብ ቤት አስወጣለሁ፣ ዘመኑን ቆጥሬ እጽፋለሁ፣ አትሜ አስፈርማለሁ። ሰው በበሩ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «አዴ ዘነቡ አለች?» ብሎ ነበር። አዴ እኛ ዘንድ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ ኦቦ ደግሞ አቶ። ያንን መስማት ደስ ይለኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ክፍላችን ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች ነበሩ። በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና የመጡ፣ አንድ ዓይነት ናቸው። ንብረት ክፍል ጎናቸው ላይ ቁጥር ለጠፈባቸው፤ አንዱ 117፣ ሌላው 118። ሲመጡ የክፍሉ አንጋፋ እኔ ስለነበርኩ ቀድመሽ ምረጪ ተባልኩ። 118 መንገድ ላይ ምን እንዳገኘው እንጃ፣ ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተጭሯል። እኔ ንጹሑን 117 መረጥኩ። የተጫረው ለባልደረባዬ ደረሳቸው፤ እሳቸው በኋላ ጡረታ ወጡ።

ከዓመታት በኋላ ሁለቱም ደከሙ። ጠዋት ገብቼ ማብሪያውን እጫናለሁ። ከዚያ ነጠላዬን አጣጥፌ፣ መዝገብ ቤት ያሉትን ሰላም ብዬ፣ የቤታቸውን ጤንነት ሁሉ ጠይቄ ስመለስ ስክሪኑ ላይ ያቺ ክብ ነገር ገና ትዞራለች። ከብዙ ጥበቃ በኋላ የትልቋ ልጄ የምረቃ ፎቶ ብቅ ይላል። ጋዋን ለብሳ፣ ቆቡን በእጇ ይዛ የምትስቅበት ነው። ኮምፒውተሩ ሲከፈት መጀመሪያ የማየው እሷን እንዲሆን ብዬ ያደረግኩት ነው። እሷ ከመጣች በኋላም ደብዳቤ ለመክፈት ሌላ ጥበቃ አለ።

ማንም ግን ቅር አይለውም ነበር። ባለጉዳዩ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ መንገዱ እናወራለን። ሁለቱም ኮምፒውተሮች እኩል ስለሚያዘግሙ ማንም ከማንም አይበልጥም ነበር።

ከዚያ ለሜሳ መጣ። በጡረተኛው ቦታ የተመደበ ልጅ እግር ሠራተኛ ነው፤ ዕድሜው ከትልቋ ልጄ ብዙም አይበልጥም። ዝምተኛና ትሑት ነው። እኔ ስገባ ከወንበሩ ብድግ ይላል። በእውነት የሚጠላ ነገር አልነበረውም፤ ጣጣውም እሱ ነው።

ለጥቂት ወራት እሱም እንደ እኔ ክቧን ነገር እያየ ጠበቀ። አንድ ቅዳሜና እሑድ አዲስ አበባ ደርሶ መጣ። ሰኞ ለምሳ ስንወጣ እሱ ቢሮ ቀረ። ስመለስ ካቻቢቴ ይዞ የኮምፒውተሩን ሆድ ከፍቶታል። አቧራ የሚጠርግ መስሎኝ ምንም አላልኩትም።

ማክሰኞ ጠዋት እኩል ገባን፣ እኩል ማብሪያ ተጫንን። ገና ነጠላዬን አጣጥፌ ሳልጨርስ የእሱ ፕሪንተር መጮህ ጀመረ። ዞር ብል ደብዳቤ እያተመ ነው!

«አንተ፣ ቢሮ ነው እንዴ ያደርከው?» አልኩት።

ሳቀ። «አይ አዴ ዘነቡ፣ አሁን ነው የከፈትኩት። ኤስ ኤስ ዲ ገጠምኩለት።»

ምን እንደሆነች በትዕግሥት አስረዳኝ። ውስጡ ያለው አሮጌው ሃርድ ዲስክ እየተሽከረከረ ነው ፋይል የሚፈልገው፤ ቀርፋፋነቱም ከዚያ ነው። አዲሷ ዕቃ ግን የሚዞር ነገር የላትም። ከሞባይል ታንሳለች፣ ቀጭን ናት። ሌላው የኮምፒውተሩ አካል ደህና ነው፤ ሲጎትተን የኖረው ያ አንዱ ዕቃ ብቻ ነው አለኝ።

«የእርስዎንም ላድርግልዎት? ስሄድ አመጣልዎታለሁ።»

እሺ ማለት ነበረብኝ። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ይህች አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን «የእኔ ደህና ነው» አልኩት። «ደግሞ የመንግሥት ንብረት መፈታታት ጥሩ አይደለም፤ ነገ ትጠየቅበታለህ።»

ትናንት የተቀጠረ ልጅ እኔን ሲያግዘኝ እንዲታይ አልፈለግኩም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ያ የሚበረው ኮምፒውተር 118 ነው። ጭረት አለበት ብዬ የተውኩት!

በሳምንቱ ወሬው ኮሪደሩን ሞላው። ከበሩ የሚገባው ሰው «አዴ ዘነቡ አለች?» ማለቱን ተወ። «ያ ልጅ አለ?» ሆነ ጥያቄው። እሱ ጋ ሰው ተሰልፎ፣ የእኔ አግዳሚ ባዶውን ይውላል። አንዳንዱ ደግሞ እኔን ላለማየት አንገቱን ደፍቶ ነው የሚያልፈው። እኔ እርር ድብን እላለሁ።

ኦቦ ሂርጳ የጉደር መምህር ናቸው። ለዓመታት ጉዳያቸውን የምጨርስላቸው እኔ ነኝ፤ ሲመጡ ከግቢያቸው ሎሚ ለቅመው በፌስታል ይዘውልኝ ይመጣሉ። የዚያን ቀንም ሎሚውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው እንደ ድሯቸው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔም ማዘጋጀት ጀመርኩ። ኮምፒውተሩ ደረቀ። አጥፍቼ አበራሁት፤ ክቧ ነገር መዞር ጀመረች። ለሜሳ ሦስት ሰው ሸኘ። ኦቦ ሂርጳ ሰዓታቸውን አዩ፣ በሩን አዩ፣ እኔን አዩ።

«አዴ ዘነቡ፣ አትቀየሚኝ» አሉኝ። «ከሰዓት በኋላ ፈተና አለኝ፤ መኪናው ያመልጠኛል።»

ፋይላቸውን ከጠረጴዛዬ አንስተው ወደ ለሜሳ ሄዱ። ወዲያው ጨረሰላቸው። ሎሚውን ግን ትተውልኝ ወጡ። ቢወስዱት ይሻለኝ ነበር። ያን ሎሚ ቤቴ ወስጄ ማንም እንዳይነካው ከለከልኩ፤ እዚያው ደርቆ ተጣለ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኳቸው ነገሮች ትንንሽ ናቸው፤ ስጽፋቸው ግን እጄ ይከብደኛል። ለሜሳ መዝገብ ቤት ሲሄድ ለጠየቀኝ ሰው «ስብሰባ ገብቷል፤ ከሰዓት ተመለስ» እላለሁ። እሱ ማኅተም ሲፈልግ የማኅተሙን መሳቢያ ቆልፌ ሻይ ልጠጣ እወጣለሁ። እሱ አንድ ቀን እንኳን ፊቱን አላጠቆረብኝም። ይህም ያናድደኝ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ኃላፊያችን ወደ ኦቦ ደበላ ገባሁ። «ያ ልጅ የመንግሥት ኮምፒውተር ፈታትቶ የራሱን ዕቃ ገጥሞበታል፤ ነገ ብንጠየቅስ?» አልኳቸው።

ኦቦ ደበላ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ወረቀት አሳዩኝ። ለሜሳ ገና ሳይገጥማት በፊት በራሱ ወጪ ለመግጠም ፈቃድ ጠይቆ የጻፈው ማመልከቻ ነው። እሳቸው ፈርመውበታል። የንብረት ክፍሉ ጋሽ ተካም ፈርመውበታል። ዕቃዋ የራሱ ናት፤ አሮጌው ሃርድ ዲስክ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ተቀምጧል ይላል።

«ጎበዝ ልጅ ነው» አሉኝ። «አንቺም እንዲያደርግልሽ ለምን አትጠይቂውም?»

አንገቴን ነቅንቄ ወጣሁ። 

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲገባ የዝውውር ደብዳቤ መጣ። ለሜሳ ሸነን ወደሚገኘው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይዛወራል፤ ያውም የቡድን መሪ ሆኖ። እኔ በአሥራ ስድስት ዓመት ያላገኘሁትን። «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት በከንፈሬ። ሆዴ ግን ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ ግማሹ በሹመቱ ይቃጠላል፣ ግማሹ ሊሄድልኝ ነው ብሎ ይደሰታል።

ያ የተደሰተው ግማሽ አንድ ነገር ማጣራት ፈለገ። እንደ ቀልድ አድርጌ ጠየቅኩት።

«ስትሄድ ያቺን ዕቃህን ነቅለህ ልትወስዳት ነው?»

«አይ አዴ ዘነቡ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «እሷ እዚሁ አምቦ ትቀራለች።»

ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። እሱ ከሄደ ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ከሆነ 118 የእኔ ነው። ሰው ሁሉ ተመልሶ ወደ አግዳሚዬ ይመጣል። ኦቦ ሂርጳም ጭምር።

ረቡዕ ዕለት ግን ጋሽ ተካ መዝገባቸውን ይዘው ብቅ አሉ። የሸነኑ ጽሕፈት ቤት ኮምፒውተር ጠይቆ ከእኛ አንድ እንዲላክ ተወስኗል አሉ። «የለሜሳ ቦታ ስለሚለቀቅ 118ን እንልካለን። መኪናው ቅዳሜ ጠዋት ይሄዳል።»

ክው አልኩ። ሹመቱንም ኮምፒውተሩንም ይዞ ሊሄድ! እኔ ደግሞ ከዚያች ከምትዞረው ክብ ጋር ልቀር!

ጋሽ ተካ ገና ኮሪደሩን ሳይጨርሱ ደረስኩባቸው። እንዴት ያለ ንግግር እንደመጣልኝ እኔም ገረመኝ። «ጋሽ ተካ፣ ያ የተጫረ ኮምፒውተር ወደ ወረዳ ይላካል እንዴ? ሰው ምን ይለናል? ከአምቦ ጥራጊያቸውን ላኩልን አይሉም? ለሜሳስ ቢሆን የእኛ ልጅ አይደል? እኔ የተጫረውን ልያዝ፤ ንጹሑ የእኔው ይሂድለት።»

ጋሽ ተካ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ። ዛሬውኑ እንፈርም።»

ቅጹ ተሞላ። 117 ከእኔ ስም ወጥቶ ወደ ሸነን፣ 118 ወደ እኔ። ሐሙስ ጠዋት ኦቦ ደበላ ሲፈርሙበት በሠራተኞች ፊት አመሰገኑኝ። ለሜሳ ብቻ በዚያ ሰዓት መዝገብ ቤት ፋይል ሲያስረክብ ነበርና አልሰማም። «አዴ ዘነቡ የራሷን ለቀቀች፤ እንዲህ ነው ቅንነት» አሉ። አፍሬ መሬት መሬት ማየት ሲገባኝ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ ፈገግ አልኩ። የምፈልጋቸውን ፋይሎች በፍላሽ ገለበጥኩ፤ የቀረውን እዚያው ተውኩት። ለለሜሳ አልነገርኩትም። ዕቃዋን እንዳይነቅላት ፈራሁ።

ዓርብ ጀልዱ ለቅሶ ነበረብኝ፤ የአጎቴ ባለቤት አርፈው ነው። ሐሙስ ማታ ልንወጣ ስንል ለሜሳ «ነገ በጭራሽ አይገቡም አይደል?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። አልገባም አልኩት። ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጠኝ። «አዴ ዘነቡ፣ ሥራውን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለ። እኔ እጄን ሰጠሁት እንጂ ጨበጥኩት አይባልም። ቶሎ ሂድልኝ ነበር ያልኩት በሆዴ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሽ ተካ ከጥበቃው ጋር ሆነው፣ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይተው 117ን ከጠረጴዛዬ አነሡና መኪና ላይ ጫኑት። 118ን በቦታው አስቀመጡልኝ። ለሜሳ ራሱ እሑድ በሕዝብ መኪና ሄደ።

ሰኞ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ለመወልወያ አዲስ ጨርቅ እንኳን ገዝቼ ነበር። ያን ጭረት ከላይ እስከ ታች ወለወልኩት፤ ያን ዕለት አስቀያሚነቱ አልታየኝም። ወንበሬን ሳብኩ፣ ማብሪያውን ተጫንኩ።

ክቧ ነገር መዞር ጀመረች።

ጠበቅኩ። ነጠላዬን አጣጠፍኩ። ትዞራለች። አጥፍቼ አበራሁት። ትዞራለች። የመዝገብ ቤቶቹ ሴቶች ገቡ፤ «አካም ቡልቴ፣ አዴ ዘነቡ» አሉኝ። አልመለስኩላቸውም። ከሆዱ ያ የድሮው ጠር ጠር የሚል ድምፅ ይሰማኛል።

ያኔ ፈነዳሁ። «ነቅሎ ሄደ!» ብዬ ጮኽኩ። «ያ ሌባ ነቅሏት ሄደ! አምቦ ትቀራለች ብሎኝ፣ ፊት ለፊቴ ዋሽቶኝ!»

ሰው ተሰበሰበ። ኦቦ ደበላ ከቢሯቸው ወጡ፤ ጋሽ ተካም ቁልፋቸውን ይዘው መጡ። «ዕቃዋ እኮ የራሱ ናት፤ ቢወስዳትስ?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«ፋይሉስ? የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ውስጧ የለም? እኔ የራሴን ለቅቄ፣ እሱ እንዲህ ያደርጋል? ይደወልለት! እዚሁ በሁላችንም ፊት ይደወልለት!»

አዎ፣ ይደወልለት ያልኩት እኔ ነኝ። ኦቦ ደበላ ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈቱት።

«ኦቦ ደበላ፣ አካም ቡልተኒ» አለ ለሜሳ። «ልደውልልዎት ስል ነው የቀደሙኝ። ከእናንተ የመጣውን ኮምፒውተር አሁን ከፈትኩት። ማብሪያውን እንደተጫንኩ የአዴ ዘነቡ ልጅ ፎቶ ወጣች። ወንበር እንኳን ሳልስብ።»



«ምን ማለት ነው?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«ዓርብ አዴ ዘነቡ ለቅሶ ሄደው ነበር። ዕቃዋን ከ118 ነቅዬ ለእሳቸው 117 ላይ ገጠምኳት። 118 ላይ የድሮውን ሃርድ ዲስክ መለስኩበት፤ ወደ ሸነን የሚመጣው እሱ ነው ብዬ። የእሳቸውን ፋይል በሙሉ ሳሻግር ነው የዋልኩት። ሰኞ ሲከፍቱት እንዲገርማቸው ብዬ አልነገርኳቸውም። አምቦ ትቀራለች ብያቸው ነበር።»

ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ግን ወደ ልቅሶ የተጠጋ ነበር።

«ኮምፒውተሩን ያመጣው ሹፌር አሁን ነገረኝ። አዴ ዘነቡ ንጹሑ ለእሱ ይሁን ብለው የራሳቸውን ለቀቁልህ አለኝ። አዴ ዘነቡ፣ እዚያ ነዎት? እኔ ለእርስዎ ትቼ፣ እርስዎ ደግሞ ለእኔ ልከውልኝ! ምን ብዬ ላመስግንዎት?»

እዚያ ነበርኩ። ሌባ ያልኩበት አፌ ገና አልደረቀም። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የተመኘሁት በሕይወቴ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰው ግን እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማንም ሌባ ማለቴን አልያዘብኝም። «ሳታውቅ ነው፤ ተናዳ ነው» አሉልኝ። አንደኛዋ የመዝገብ ቤት ሴት ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። ኦቦ ደበላ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «እንዲህ ነው መዋደድ!» አሉ። ጋሽ ተካ ብቻ አልተናገሩም። በኮሪደሩ እንዴት እንደሮጥኩባቸው፣ ዛሬውኑ እንፈርም ብዬ እንዴት እንዳጣደፍኳቸው ያውቃሉ። አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝና ቁልፋቸውን መቁጠር ጀመሩ።

ሁሉም ሲበተን መሳቢያዬን ከፈትኩ። በወረቀት የተጠቀለለ ከባድ ነገር አገኘሁ። የ117 አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው። ወረቀቱ ላይ በለሜሳ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አዴ ዘነቡ፣ ይህን ለጋሽ ተካ ይስጡልኝ። ፋይልዎ ሁሉ አለ፤ የልጅዎም ፎቶ አለ። ብነግርዎት እምቢ ይሉኛል ብዬ ነው ዝም ብዬ ያደረግኩት።»

አዎ፣ እምቢ እለው ነበር። በደንብ አውቆኛል። አንድ ነገር ብቻ አላወቀም፤ ለምን እምቢ እንደምለው።

በምሳ ሰዓት በራሴ ስልክ ደወለልኝ። «ዕቃዋን ወደ አምቦ በሚመጣ ሰው ልላክልዎት፤ እዚያ ያለ ባለሙያ ይገጥምልዎታል» አለኝ። ያኔ ልነግረው ይገባ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ «አንተው ጋ ትሁን፤ ለሥራህ ትሆንሃለች» አልኩት። እሱም ይህን እንደ ሌላ ደግነት ቆጠረልኝና መረቀኝ። እኔ ግን ያቺ ዕቃ ዓይኔ ፊት እንድትቀመጥ ስላልፈለግኩ ነው።

ከ118 ጋር ቆየሁ። አዲስ ኮምፒውተር የተሰጠን ባለፈው ዓመት ነው። እስከዚያ ድረስ በየጠዋቱ ክቧ ነገር ስትዞር እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ነበር። እሱ አምቦ ትቀራለች ብሎ ለእኔ የተዋትን ዕቃ ሸነን የላክኳት እኔው ነኝ።

ኦቦ ሂርጳ በመጨረሻ ጡረታቸውን ሊያስጨርሱ ሲመጡ ሎሚ ይዘውልኝ መጡ። ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ቁጭ ብለው ጠበቁኝ። «የራስሽን ለዚያ ልጅ ለቀቅሽ አሉኝ፤ ጉደር ድረስ ተወርቷል» አሉኝ። ሎሚውን ተቀበልኩ እንጂ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

የሸነን ሰዎች ደግሞ ከሁሉ ይብሳሉ። ደብዳቤያቸውን እየጠበቁ ፊቴን ያዩኛል። «አንቺ አዴ ዘነቡ ነሽ? ልጅሽን እናውቃታለን እኮ» ይሉኛል። ለሜሳ ፎቶዋን ከስክሪኑ አላነሣትም። እዚያ ለሚመጣው ሰው ሁሉ «ይህን ኮምፒውተር ያገኘሁት ከእናቷ ነው» ብሎ ያሳያታል። እኔም ፈገግ ብዬ «እንዴት ነው እሱ?» እላለሁ። ደህና ነው ይሉኛል። ባለጉዳይ አያጉላላም ይሉኛል።

እውነቱን ልናገርና፣ ቅናቱ አሁንም አልወጣልኝም። ድሮ የምቀናው በኮምፒውተሩ ፍጥነት ነበር። አሁን የምቀናው ያን ዓርብ በዋለው ውሎ ነው። እሱን የማይወድ ሰው ፋይል ሲያሻግር ሙሉ ቀን የሚውል ልብ እንዴት ያለ ልብ እንደሆነ ከውስጥ ባውቀው ደስ ይለኛል። አላውቀውም።

እነሆ ጻፍኩት። ፊት ለፊት ለመናገር አምስት ዓመት አልበቃኝም። ከላይ እንዳልኩት የሁላችንንም ስም ቀይሬያለሁ። ሁለቱን ቁጥሮች ግን አልቀየርኳቸውም። 117 ጎኑ ላይ እንደተለጠፈ እሱ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ይህን ካነበበ ማን እንደጻፈለት ያውቃል።